በሰዓቱ የደረስኩበት ግርዛት

በሰዓቱ መድረስ መልካም ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩልኝ። የማጫውተው አለኝ።

እኔ ለድግስ በሰዓቱ ደርሼ አላውቅም ነበር። ምነው ታዘባችሁኝ? እናንተስ? እዚህ ሚኒሶታ ለስድስት ሰዓት የተጠራ ሐበሻ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው ሸሚዙን መተኮስ የሚጀምረው። ደጋሹም ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ሰዓት ገና ሽንኩርት እየከተፈ ነው። ቀድሞ የተገኘ እንግዳ ትርፉ ወንበር መደርደር ነው። ማንም ማንንም ሳይቀየም እንዲህ ተግባብተን እንኖር ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ በሰዓቱ ደረስኩ። አንድ ጊዜ ብቻ!

ይስሐቅ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ሴንት ፖል ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አብረን ሠርተናል። የጎንደር ቤተ እስራኤል ነው፤ በልጅነቱ እስራኤል ገባ፣ እዚያ ራሔል የምትባል የሚኒሶታ ልጅ ወደደና ተከትሏት እዚህ ብርድ ውስጥ መጣ። ፍቅር ሰውን የማይወስድበት የለም። በሚሌኒየሙ እንቁጣጣሽ ሰሞን ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። እናቱ እማማ ዝማም የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ ከእስራኤል ድረስ መጡ።

ያ ሳምንት ጉደኛ ሳምንት ነበር። የእኛ እንቁጣጣሽ፣ የአይሁዶቹ አዲስ ዓመትና የእስላሞቹ ረመዳን እንደተቀጣጠሩ ሁሉ አንድ ላይ ገቡ። ሕፃኑ በስምንተኛው ቀን መገረዝ አለበት፤ ስምንተኛው ቀን ደግሞ እሑድ ላይ ዋለ። ይስሐቅ የሚያውቀውን ሐበሻ ሁሉ ጠራ። ረፋድ ላይ ግርዛት፣ ቀትር ላይ ምሳ። እማማ ዝማም ዶሮውን አስቀድመው ሠርተው ፍሪዘሩን ሞሉት። ለእኔ ለብቻዬ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የራሔል አባት ሰዓት አክባሪ ስለሆኑ፣ አንተ እንኳ አታሳፍረኝ አለኝ። ማልኩለት።

አሁን የይስሐቅን ስሕተት ስሙ። አይሁዶች ከአዲስ ዓመታቸው ቀጥሎ አንድ ጾም አላቸው። ገዳልያ የሚባል የጥንት ገዥያቸው የተገደለበት መታሰቢያ ነው። ይስሐቅ ካላንደሩን ሲያይ ጾሙ ቅዳሜ ላይ ውሏል። በሰንበት አይጾምም። እንግዲያው ዘንድሮ ተረፍን ብሎ ካላንደሩን ዘጋ። ለካ ጾሙ አልቀረም፣ ወደ እሑድ ተገፍቷል! ቅዳሜ ሰንበት ሲወጣ ረቢው ደውለው፣ ነገ ጾም መሆኑን አልዘነጋህም አይደል አሉት።

እሑድ በጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ታዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ዛሬ ጾም ነው!»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? የጾም ይደረጋላ!»

«አንተ ደግሞ፣ አልገባህም! ለማንኛውም ሰዎቹን ኮል አድርግልኝ፣ ማታ ይምጡ በላቸው። እማዬ እየጠራችኝ ነው» ብሎ ዘጋው።

ደወልኩ። ግማሹ ቅዳሴ ላይ ነው፤ ግማሹ ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ሺፍት ላይ ነው። የቀረው ተኝቷል። ያነሳልኝ ጀማል ብቻ ነበር። እሱ ረመዳን ይዞታል፤ እየሳቀ፣ «እኔማ ድሮም ከመግሪብ በፊት አልመጣም፣ አታስብ» አለኝ።

እኔ ግን ሰው የሚድንበትን ዘዴ አገኘሁ። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ነው፤ አለቀ! እኛ ኦርቶዶክሶች በዚህ ማን ይችለናል? ዓመቱን ገሚሱን የምንጾም ሰዎች ነን እኮ። ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ምግብ ቤት ያላትን አንዲት ወዳጄን ለምኜ በር አስከፈትኳትና ትልቅ ትሪ በያይነቱ አስሞላሁ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው። ራሴ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ፣ መኪናዬ ሽሮ ሽሮ እየሸተተኝ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ይስሐቅ ቤት በሰዓቱ ከተፍ አልኩ።

በር ላይ የተቀበሉኝ ረቢው ናቸው፤ ገራዡም እሳቸው ናቸው። ደረቴን ነፍቼ፣ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ሁሉም የጾም ነው አልኳቸው። ፎይሉን ገለጥ አድርገው አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የእኛ ጾም መብላትም መጠጣትም የለበትም አሉኝ።

«ውኃስ?»

ውኃም። ደግሞስ ጾም ባይሆን፣ በሕጋቸው ካልተጠበቀ ኩሽና የወጣ ምግብ እዚህ ቤት አይገባም። ትሪዬን ተሸክሜ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ግርዛቱ ተፈጸመ። ወይኑ ሲባረክ ጠጪ ጠፋ፤ ሁሉም ጾመኛ ነው። በጣት ነክረው ለሕፃኑ አቀመሱት። ያን ቀን በወጉ የተስተናገደ የመጀመሪያው እንግዳ የስምንት ቀን ልጅ ነው።

ከዚያ ረቢው ሕጉን አስረዱን። ግርዛት ለጾም ብሎ ከቀኑ አይነቃነቅም። ጾሙም ለግርዛት ብሎ አይሻርም። ነገር ግን ይህ ጾም ከሰንበት የተገፋ ስለሆነ፣ ቀኑ በዓላቸው የሆነ ሰዎች ከቀትር በኋላ ጸልየው መብላት ይችላሉ። እነማን ናቸው? አባትየው፣ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡት የራሔል አባትና ገራዡ። ራሔልማ አራስ ናት፣ ማን ጹሚ ይላታል? እንግዳው ግን ይጾማል፤ ግብዣው ሲመሽ ነው።

«ገዳልያ ማነው?» አሉ እማማ ዝማም በአማርኛ። «ጎንደር ሳለን ስለሱ የነገረን የለም። አሁን በስተርጅና በልጅ ልጄ ድግስ መካከል ይምጣብኝ?» አጉረመረሙ እንጂ ጾሙን አልገደፉም።

ምሳ ለተፈቀደላቸው ቀረበ። የራሔል አባት ዶሮ ወጥ ሲቀምሱ የመጀመሪያቸው ነው፤ በርበሬው ዕንባቸውን እያፈሰሰው ይጎርሳሉ። ረቢውም ሕጉን አክብረው በሉ፣ ሁለት ጊዜም አስጨመሩ። ይስሐቅ ግን እናቱን እያየ አልወረደለትም።

እማማ ዝማም መስኮቱ ሥር ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። የጨነቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ የተጠራ ሰው አሁን ግር ብሎ ይመጣል፣ በበኩር የልጅ ልጃቸው ግርዛት እህል ሳይቀምስ ይመለሳል። «እንግዳ ከደጄ ጾሙን ከሚሄድ እኔ ልሙት» ይሉኛል። መኪና ባለፈ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ አላፊ መንገደኛ ነው።

ቀትር አለፈ። ማንም የለም። ተመስገን አልን።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማንም የለም። አሁን ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ።

«ታዬ ልጄ፣ ምነው ሰው ቀረብኝ? ናቁን እንዴ? ያ ሁሉ ዶሮ ለማን ነው?»

ይመጣሉ፣ አይዞዎት አልኩ። በሻሻቸው ጠርዝ ዕንባቸውን ጠረጉ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት። ከዕንባቸው መሐል፣ «አንተን እኮ ሕጉ አይይዝህም፣ ዶሮ ላቅርብልህ፣ ብላ» አሉኝ። ለእኔ ደግሞ ዕለቱ በዓመቱ ውስጥ ከማልጾምባቸው ቀኖች አንዱ ነው። ሆዴ ይጮኻል። መኪናዬ ውስጥ ትሪ ሙሉ በያይነቱ ፀሐይ እየመታው ነው። ግን የራባቸውና የከፋቸው አሮጊት ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዴት ይጎረሳል? አልራበኝም አልኩ። እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት መኪና ቆመች። ሌላ ደገመች። ከዚያማ መንገዱ በመኪና ተሞላ! ከቅዳሴ የወጣው፣ ከሺፍት የተመለሰው፣ ሲተኛ የዋለው፣ ሁሉም እንደተመካከረ ግልብጥ ብሎ መጣ። ምሳቸውን በልተው፣ እንቅልፋቸውን ጠግበው፣ ሽቶ ተቀብተው። ጀማልም ቴምሩን ይዞ ደረሰና ፀሐይዋ እንደገባች በር ላይ አፈጠረ። የአይሁዶቹ ጾም የሚያበቃው ግን ኮከብ ሲታይ ነው። ያ ሁሉ ሐበሻ ግቢው ውስጥ አንጋጦ ኮከብ ሲፈልግ ብታዩ! እማማ ዝማም መሐላቸው ቆመው እየሳቁ ያለቅሳሉ። «አልናቁኝም፣ አልናቁኝም» ይላሉ።

ተበላ። ማለፊያ ነበር። ዶሮው ኮሸር ነውና፣ በሕጋቸው ሥጋ ከወተት ነክ ስለማይቀላቀል ያለ ቅቤ፣ በዘይት ነው የተሠራው፤ እኔ ልዩነቱን የማጣራበት ትዕግሥት አልነበረኝም።

በመሐሉ ረቢው ተነሱ። ይስሐቅ ያስተረጉማል። በጾም ቀን የሚውል ግርዛት ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል አሉ። እንግዳ በቀትር ይመጣል፣ ምግብ ምግብ ይላል፣ ደጋሹ ይሳቀቃል። እናንተ ኢትዮጵያውያን ግን ሃይማኖታችሁ ሌላ ሆኖ ሳለ ጾማችንን አክብራችሁ እስኪመሽ ጠበቃችሁ፤ እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ ሕዝብ አይቼ አላውቅም አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ራሱን በትሕትና ዝቅ አደረገ። ከቁርጥ ቤት ነው የመጣው።

ከዚያ ረቢው እኔን አዩኝ። ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ረፋድ ላይ ትሪ ይዤ በር ላይ የተገተርኩት እኔ መሆኔን አልረሱም።

«አይዞህ» አሉኝ በርኅራኄ። «ከወገኖችህ ትማራለህ።»

ተማርኩ። የምትደግሱ ሁሉ እወቁልኝ፤ ለምሳ ከጠራችሁኝ ኮከብ ሲወጣ ጠብቁኝ። ሕግ አክባሪ ሆኛለሁ።