ሊቀ ታካሚያን ምልኬሳ

ሐኪም ቤት ባለበት አገር ሁሉ ነባር ታካሚ አለ። ሐኪሙ ይዛወራል፣ ነርሷ አግብታ ትሄዳለች፣ ሕንፃው አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ነባሩ ታካሚ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ካርድ የሚወጣበትን መስኮት፣ እጇ ቀላል የሆነችውን ነርስ፣ ውኃ ያለበትን ሽንት ቤት ያውቃል። እናንተ ለመታከም ትሄዳላችሁ፤ እሱ ሥራ የገባ ይመስላል። ምን እንዳመማችሁ ካልነገራችሁት ይቀየማል። ከነገራችሁት ደግሞ የእሱ ይብሳል።

ይህ ሰው በስኳር ክፍልም፣ በልብ ክፍልም አለ። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነባር ግን የሁሉም አለቃ ነው። ሌላው ሰው አንገቱን ቀብሮ፣ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ስቦ በሚቀመጥበት ኮሪደር ውስጥ እሱ ብቻ እግሩን አንፈራጥጦ ይቀመጣል።

የእኛው አቶ ምልኬሳ ይባላሉ። ከሲኤምሲ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ያለው አግዳሚ ወንበር መንበራቸው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜን ኢዮስያስን ይዤ መመላለስ ስጀምር በልቤ «ሊቀ ታካሚያን» የሚል ማዕረግ ሰጠኋቸው። በሹመቱ ላይ ጳጳስ አልተገኘም፤ የተቃወመም አልነበረም።

ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ዛሬ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ነው፤ አሁን እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። «አባቴ በሬ ያስርበት ከነበረው ቦታ በላይ፣ አየር ላይ ነው የምተኛው። ይሄ ነገር ሰው አያሳብድም?» ይላሉ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካለ አንድ ልብስ ፋብሪካ በጥበቃ ሥራ ጡረታ ወጥተዋል። ሥራውን ግን አላቆሙም፤ አሁን የሚጠብቁት እኛን ነው።

ድምፅ መስማት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ታመምኩ አይሉም። «እኔ ይህን በሽታ ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ» ይላሉ፣ በሽታው ከእሳቸው ዲግሪ እንደ ተቀበለ ሁሉ። መድኃኒትን እንደ ምግብ ቤት ይገመግማሉ። «የድሮዋ ምላስህን ጫማ ታደርገዋለች፤ እጅህንም ታንቀጠቅጣለች። አዲሷ ጨዋ ናት፣ ግን ታስበላለች። እኔን በአንድ ዓመት ሃያ ኪሎ ጨመረችኝ፣ ስኳሩንም መረቀችልኝ። አእምሮዬን መልሳ ሱሪዬን ወሰደችብኝ!»

ወጣቷን ሐኪማችንን ዶክተር ሳናን «ጎበዝ ናት፣ ትማራለች» ይሏታል። ዘመኑ ያመጣውን አሠራርም አይወዱትም፤ ወይም የማይወዱት ይመስላሉ። «ድሮ አራት ሰው ይዞን ነበር የምንወጋው። አሁን ‹እርስዎ ምን ያስባሉ? ውሳኔው እኮ የጋራችን ነው› ትለኛለች። እኔ ምን ላስብ? ማሰብ አይደል እንዴ እዚህ ያመጣኝ!» ይህን ይበሉ እንጂ የሚያስቡትን በወረቀት ጽፈው ነው የሚገቡት። አንድ ሐሙስ አጮልቄ ሳይ ወረቀቱ ዘጠኝ ነጥብ ነበረው።

ከእሳቸው የሚያመልጥ የለም። አንድ ቀን ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የገባ ጎልማሳ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሳይጠየቅ «እኔ ለጨጓራ ነው የመጣሁት» አለ።

«አይዞህ» አሉት። «ጨጓራህ ድምፅ መስማት ከጀመረች ስንት ጊዜ ሆናት?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ሦስት ወር» አለ ቀስ ብሎ።

ሌላ ቀን ደሪቱ የምትባል እናት ልጇን ይዛ መጣች። ዘመዶቿ ክኒኑን ጣይና ጸበል ውሰጃት ብለው አስጨንቀዋታል፤ ልጅቷን ለሁለት ሊጎትቷት ምንም አልቀራቸውም። ሊቀ ታካሚያን እዚያው ፈረዱ። «ጠዋት ጸበሏን ትጠጣ፣ ማታ ክኒኗን ትዋጥ። ጸበልና ክኒን ተጣልተው አያውቁም። የምትጣሉት እናንተ ናችሁ።» ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። ሹክ ማለት የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ስሜ በዚያ ድምፅ እንዳይጠራ ሁልጊዜ ሁለት ወንበር ርቄ እቀመጥ ነበር።

የምርቅበት ምክንያት ነበረኝ።

እናታችን ስትሞት ኢዮስያስ የአምስት ዓመት፣ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለወራት ከእኔ እጅ በቀር አልጎርስም ብሎ ነበር። አድጎ መሬት ቀያሽ ሆነ፤ ቁጥር የማይሳሳት፣ ጸጥ ያለ ሰው። ሲታመም እኔ ቤት አመጣሁት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ ክኒን አልውጥም» አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። በሦስተኛው ሳምንት ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ ፈጨሁና ምስር ወጡ ውስጥ ጨመርኩት። በርበሬ ብዙ ነገር ይደብቃል።

ተሻለው። እንቅልፍ ተኛ፤ በቴሌቪዥን ሳቀ። እኔም ራሴን ብልህ አድርጌ ቆጠርኩ።

ለሐኪሟ «አልወስድም» ሲላት፣ እኔ «ይወስዳል፤ መውሰዱን እየረሳው ነው» እል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የእኔ ቃል ከእሱ ቃል ይከብዳል፤ ጤነኛዋ እኔ ነኝ። ከዚያ ጠረጠረ።

«ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩበታል» አላት አንድ ሐሙስ።

«እነማን?»

«አላውቅም። ከበላሁ በኋላ ግን ጭንቅላቴ ይከብደኛል።»

ዶክተር ሳና ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ራሴን በሐዘን ነቀነቅሁ፤ ምን ያህል እንደባሰበት አየሽልኝ፣ እንደ ማለት። ጻፈች። መድኃኒቱ ጨመረ። ቤት ገባሁና በአንድ ክኒን ፈንታ ሁለት ፈጨሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳልሰርዘው ስቀር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ኢዮስያስ ልጣጭ ያለው ነገር ብቻ መብላት ጀመረ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ራሱ የቀቀለው እንቁላል። የእኔን ድስት ዞር ብሎም አያይም። በሁለት ወር ጉንጩ ገባ። መድኃኒቱም ቀረ፤ ማታ ማታ ከግድግዳው ጋር መነጋገሩ ተመለሰ። በረሃብ ይሙት ወይስ በበሽታው፣ መምረጥ ቸገረኝ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ወንድሜን ለዘለዓለም አጣዋለሁ።

ሊቀ ታካሚያን ሙዙን ያዩት በዚያ ሰሞን ነው። ሙሉ ፓኬት ብስኩት ከፍተው ለኮሪደሩ ያድሉ ነበር። ኢዮስያስ እጃቸውን ገፋ አድርጎ ከኪሱ ሙዝ አወጣና ልጣጩን እየመረመረ በላ። ነርሷ ለክብደት ስትጠራው ሄደ። አቶ ምልኬሳ ተነሥተው ሁለቱን ወንበር ተሻገሩና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ዩኒቨርሲቲ» አሉኝ፤ መማሬን ሰምተው ያወጡልኝ ስም ነው፣ የራሴን ስም ጠይቀው አያውቁም። «ልጣጭ ያለው ብቻ ነው የሚበላው?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በማንኪያ ነው የምትፈጪው ወይስ በሙቀጫ?»

«ምን እያሉ ነው?» አልኩ።

«ለዚህ ነው ዲግሪ የሰጡሽ? ክኒን ለመፍጨት?» አሉኝ፤ ግን አልሳቁም። «የእኔዋ ሚስት፣ ዳጪ፣ በሙቀጫ ነበር። አራት ዓመት። ‹ሚስቴ መርዝ ትሰጠኛለች› ብዬ ለቄሱም፣ ለፖሊሱም፣ ለሐኪሙም ተናገርኩ። ‹በሽታው ነው፣ አይዞህ› አሉኝ። እኔም አመንኳቸው፤ በሽታዬ ነው ብዬ ምላሴን ተጠራጠርኩ። አንድ ቀን ሙቀጫውን ሳጥብ አገኘሁት።»

«ከዚያስ?»

«ስድስት ዓመት ከእጇ አልበላሁም። ከዚያ ሞተች።» ብስኩቱን ወደ ፓኬቱ መለሱት። «ያዳነችኝ እሷ ናት እኮ። ያ መድኃኒት ባይኖር ወይ ዋሻ ውስጥ ነበርኩ ወይ መቃብር። ግን የሰው ልጅ ምላሱን እንኳ ካላመነ ምን ይቀረዋል? ዛሬ ንገሪው።»

«ሁለተኛ አያየኝም፣ ጋሼ።»

«አያይሽም» አሉ፣ ሳያባብሉኝ። «ግን ይበላል።»

ተራችን ደርሶ ሐኪሟ ዘንድ ገባን። ኢዮስያስ እንደገና «ምግቤ ውስጥ» ብሎ ጀመረ። ዶክተር ሳና እስክሪብቶዋን አነሣች። እኔ ጉልበቴን አየሁ። በዚህ መሐል በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና የሊቀ ታካሚያን ራስ ብቅ አለ።

«ሚዛኑ እዚህ ነው እንዴ?» አሉ።

ሚዛኑ ኮሪደሩ ላይ መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። «አይደለም፣ አቶ ምልኬሳ» አለች ዶክተሯ። አልሄዱም። በሩን ይዘው ቆሙ፤ እኔን እያዩ።

«እውነቱን ነው» አልኩ። የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም። «እኔ ነኝ የምጨምረው። ሁለት ዓመት።»

ዶክተር ሳና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኢዮስያስ ወደ እኔ አልዞረም። እሷን ነው የጠየቃት። «እና ይሄኛው በሽታ አልነበረም?»

«አልነበረም» አለች። «ስትነግረኝ አላመንኩህም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ወንድሜ ሳቀ። ለወራት ያልሰማሁት ሳቅ ነበር፤ አሁንም ለእኔ የተሳቀ አልነበረም።

«በዚህኛው ጤነኛ ነበርክ» አሉ ሊቀ ታካሚያን ከበሩ። «በሌላው ግን እንደ እኔው ነህ። መድኃኒትህን ራስህ ውሰድ።»

«አቶ ምልኬሳ፣ በሩን ይዝጉልኝ» አለች ዶክተሯ።

ገብተው ዘጉት።

ያን ቀን ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። ዶክተር ሳና ያለውን ሁሉ በፊቱ ዘረዘረች፦ መጠኑ ወደ ድሮው እንደሚወርድ፣ ሰውነት የማያከብድ ሌላ ክኒን እንዳለ፣ በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ እንዳለ፣ ነርሷ በየሳምንቱ ቁጭ ብላ እንደምታነጋግረው። ኢዮስያስ ቀያሽ ነው፤ ሁሉንም በቁጥር ጠየቀ። መርፌውን መረጠ። «ክንዴ ላይ ሲገባ አየዋለሁ» አለ። እኔ አብሬው እንዳልገባም ጠየቀ። መብቱ ነው አለች።

በሳምንቱ ከቤቴ ወጥቶ ቦሌ አራብሳ፣ ሊቀ ታካሚያን ቤት፣ ትርፍ ክፍሏ ውስጥ ገባ። ስልኬን አያነሣም። እኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ ኮሪደሩ ላይ መቀመጤን አልተውኩም፤ አሁን እሳቸው አጠገብ ነው። ወንድሜ ወደ ሐኪሟ ሲገባ ሪፖርት ይሰጡኛል። «ሦስት ኪሎ ጨምሯል። የሚሰማው ድምፅ አለ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ወጥ መሥራት አይችልም፤ በእሱ ወጥ እኔ ልሞት ነው።»

«ስለ እኔ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም።» መዋሸት የሚባል ነገርም አያውቁም።

በሰባተኛው ወር አንድ እሑድ ቀትር ላይ በሬ ተንኳኳ። ሊቀ ታካሚያን ምልኬሳ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ኢዮስያስ አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «እንግዳ አይገባም እንዴ በዚህ ቤት?» አሉ።

በቤቴ የነበረው የድንች አልጫ ነው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በርበሬ ያለው ነገር ሠርቼ አላውቅም። በአንድ ትሪ አቀረብኩ። ኢዮስያስ እጁን ታጠበና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ስኳር ያለባቸው፣ ድንች የተከለከሉ ሊቀ ታካሚያን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ጎረሱ። ደገሙ። ሠለሱ። ወንድሜ እንደ ቀያሽ አያቸው፤ ዓይናቸውን፣ እጃቸውን፣ አዋዋጣቸውን። እሳቸውም እንደሚታዩ እያወቁ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ቀስ ብለው አላመጡ።

በመጨረሻ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ይሄ ነገር ጨው የሚባል አላየም።»

እውነት ነው። ያን ድስት ስሠራ ጨው እንኳ ለመጨመር እጄ ፈርቶ ነበር። «ላምጣ» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ተቀመጪ» አለኝ ኢዮስያስ። በሰባት ወር ውስጥ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። «ምንም አትጨምሪበት።»

ተቀመጥኩ። እጁን ዘረጋና፣ በእኔ በኩል ሳይሆን ሊቀ ታካሚያን ሲበሉበት በነበረው ጥግ በኩል፣ ትንሽ ቆርሶ ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠ። እንደገና ቆረሰ።

ስለ አቶ ምልኬሳ የጻፍኩትን አንዱንም አልሰርዝም። ጯሂ ናቸው፣ ያልጠሯቸው ክፍል ይገባሉ፣ ከሐኪም በላይ ነኝ ይላሉ። በዚያ እሑድ ግን የተከለከሉትን ድንች ለሁለት ሰው ያህል በሉ፤ ጨው አነሰው እያሉ አጉረመረሙ። ወንድሜ የቆረሰበትን ጥግ ግን ከዚያ ወዲያ አልነኩበትም።