የእርጉዝ ሴት ሦስተኛ ሲኒ

እኛ ወሎ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ እርጉዝ ሴት ቡና ይቅርብኝ ማለት የምትችል ይመስላችኋል? እስቲ አንዷ ትሞክረውና ታሳየኝ።

ልጄ የምታክለው ታናሽ እህቴ ዘሃራ ሞክራው ነበር። የመጀመሪያ ልጇን እንዳረገዘች የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ቡና ቀንሺ አለቻት። ተዪው አላለችም፣ ቀንሺ ነው ያለችው። እሷም አንድ ሲኒ ጠጥታ መነሳት ጀመረች። ወዲያው ኮርታለች ተባለ። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ጭራሽ አኮረፉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኛ ጋ ዱዓው የሚደረገው ሦስተኛው ሲኒ፣ በረካው ላይ ነው። እርጉዝ ካለች ደግሞ ዱዓው የሷ ነው፤ አላህ በሰላም ይገላግልሽ ይባላል። ታዲያ ለገዛ ፅንሷ ዱዓ ሲደረግ ጥላ የምትወጣ ምን ዓይነት ሴት ናት? እትዬ ፋጡማ እንዲህ ብለው ጠየቁ። ዘሃራም አፍራ ተቀመጠች። ጠዋት አንድ ቤት፣ ከሰዓት ሌላ ቤት፣ በየቤቱ እስከ በረካው ድረስ ጠጣች።

ልጁ ተወለደ። ጭንቅላቱ ጠበብ ብሎ ወደ ኋላ ረዘም ያለ ነው። ሐኪሞቹ የራስ ቅሉ አጥንት ያለጊዜው ገጥሟል፣ ሳይቆይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አሉ። ያኔ አንዱ ጎረቤት ቡና የሕፃን ራስ ቅል ያበላሻል የሚል ነገር ከስልኩ ላይ አንብቦ መጣ። በቃ፣ ቡና የቀዱላት እጆች ሁሉ ወደ እሷ ይጠቁሙ ጀመር። እትዬ ፋጡማ ራሳቸው፣ ምነው ስትጠጪ ትንሽ ብታስቢ አሏት።

ንድድ አልኩ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ባሏን፣ ያን ሲቅም የሚውለውን ሰውዬ፣ አንተስ ምን አደረግህ ያለው አለ? ማንም።

ዘሃራ ግን አመነቻቸው። ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብላ ኮፍያ አጥልቃበት ቤት ዘጋች። አታቆዩት የተባለው ልጅ በሐፍረት ቆየ። መጨረሻ ላይ ልጁን አቅፌ የደሴ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ እያለቀሰች ተከተለችኝ። ደሴ ያለውን ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው፣ ቡናው ነው ወይ ብላ ነው። የሚያያይዙት ተመራማሪዎች አሉ፣ ግን አልተረጋገጠም፤ እርጉዝ ብትቀንስ ጥሩ ነው፤ የዚህን ልጅ ምክንያት ግን አላውቅም አላት። አላውቅም የሚል ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው እኮ የማያውቀው ነገር የለም።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ቀዶ ሕክምናው ተሠራለት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ነው።

ባለፈው ጁምዓ ጎረቤቱ እንኳን በሰላም መጣችሁ ሊለን ተሰበሰበ። መቼስ ቡና ተፈላ። የእትዬ ፋጡማ ምራት ሰዓዳም መጥታለች፤ እርጉዝ ናት። በረካው ሲቀዳ፣ እኔን ይበቃኛል አለች። እትዬ ፋጡማ ሲኒውን እጇ ላይ እያስያዟት፣

“ጠጪ እንጂ ልጄ፣ ዱዓው ላንቺ አይደል?” አሏት።

ዘሃራ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ እኔን አየችኝ። ተነሳሁና ሲኒውን ከሰዓዳ እጅ ወስጄ ጭልጥ አደረግኩት።

“ምነው፣ ዱዓዋን ወሰድሽባት እኮ” አሉኝ እትዬ ፋጡማ።

ልጆቼን ድሬ የጨረስኩ ሴት ነኝ። እንደው ዱዓው ሠምሮ ባረግዝ ግን፣ ጥፋቱ የማን እንደሚባል ከወዲሁ አውቄዋለሁ።