ከጫማዬ ቀድሜ የወደቅሁበት ፎቶ

የቦክስ ፎቶ ታውቃላችሁ አይደል? እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የወደቀው ሰውዬ ማን ይባላል?

አያችሁ! አታውቁም። የቆመውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ጥቁር አሜሪካዊ ሻምፒዮን ክንዱን አጥፎ፣ እግሩ ሥር በጀርባው የተዘረረውን ሰው «ተነስ!» እያለ ሲጮህበት የሚታይበት ፎቶ አለ። ዓለምን የዞረ ፎቶ ነው። መርካቶ ውስጥ እንኳ ስንት ጸጉር ቤት ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ጸጉሩን የሚስተካከል ሁሉ ሽቅብ አንጋጦ የቆመውን ያደንቃል። የተዘረረው ሰው እናት አለው ወይ? ይህን ፎቶ አይታዋለች? በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ምን አሉት? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ እጠይቃለሁ። ለምን እንደምጠይቅ፣ እያፈርኩም ቢሆን ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። በደርግ ጊዜ ሶማሌ ተራ፣ የጋሽ ከድር ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ደንበኛው ከውስጥ ካኪውን ወይም አቡጀዲውን አስለክቶ ይወጣል፣ እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ በሩ ላይ እቀበለዋለሁ። ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው። ቁጥብ ናቸው። ጠዋት «ሰላም አደርክ?» ካሉኝ እስከ ማታ ሌላ ቃል ላይጨምሩ ይችላሉ።

በዚያ ዘመን የውጭ መጽሔት መርካቶ የሚመጣው ሊነበብ አልነበረም። በርበሬና ምስማር ሊጠቀለልበት ነበር። እኔ ደግሞ መጠቅለያውን አልጥልም። አራግፌ አየዋለሁ፤ የቦክስ ፎቶ ካለበት ከመኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ሁለት ግዙፎች ሲፋለሙ፣ አንዱ ሲዘረር፣ የሌላው ላብ ከራሱ ላይ እንደ ዝናብ ሲረጭ። አንዳንዱን ፎቶ በርበሬ ስለነካው ደም የተረጨበት ይመስል ነበር። ለቦክስ ፎቶ ግን ይህ አይከፋም።

ቦክስ እወድ ነበር እንዴ? አልወድም። የምወደው ፎቶውን ነው። ሰው በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀር ደስ ይለኛል። ይህን ልዩነት ግን ለቀበሌያችን ማስረዳት አልተቻለም።

አንድ ቀን የቀበሌው የወጣቶች ሊቀ መንበር ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እግሩን እየለካሁ እሱ ግድግዳዬን ያያል። አየ፣ አየና «ጓድ፣ ለካ ቦክሰኛ ነህ! ለምን ደበቅከን?» አለኝ።

«ኧረ እኔ ፎቶውን ነው...» ስል፣ ትሕትናዬን አደነቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

አትፍረዱበት። በዚያ ጊዜ ሰው የሚታወቀው ግድግዳው ላይ በሰቀለው ነበር። የመሪዎችን ፎቶ የሰቀለ አብዮተኛ ነው። ምንም ያልሰቀለ ያጠራጥራል። ቦክሰኛ የሰቀለ እንግዲህ ቦክሰኛ ካልሆነ ምን ይሆናል? በማግስቱ ስሜ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ፤ ለቀበሌዎች የቦክስ ውድድር ተመልምያለሁ። እምቢ አትልም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ሰው ለስንት ነገር ይመለመል እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ለቦክስ መመልመል ምርቃት ነው።

ደግሞም ዘይነብ ነበረች። ዘይነብ የጋሽ ከድር ታናሿ ልጅ ናት፤ ለአባቷ ምሳ የምታመጣው እሷ ነበረች። ምሳ ዕቃውን ይዛ በረንዳው ላይ ቆም ትልና ግድግዳዬን ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ። መርፌው ጣቴን የወጋኝ ብዙውን ጊዜ በምሳ ሰዓት ነው። የተመለመልኩ ዕለት «እውነት ትደባደባለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

ተጋጣሚዬ ከእህል በረንዳ የመጣ ተሸካሚ ነበር። አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ እየሮጠ የሚቀልድ ሰው ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ለምን እንደማልነግራችሁ ኋላ ይገባችኋል። የሁለታችንንም የቦክስ ቁምጣ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቀበሌው «ባለሙያ እያለን ለምን ውጭ እንሰጣለን?» ብሎ። ተሸካሚው ሊለካ መጣና ጭኑ ላይ ጠበበኝ አለ። እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ አሰፋሁለት። ሙያ ክፉ ነው፤ ጠላትህንም አሳምረህ እንድትሰፋለት ያደርግሃል።

የውድድሩ ቀን የቀበሌው ግቢ ሰው በሰው ሆነ። ወለሉ ገለባ የተሞላ ጆንያ ነው፣ ዙሪያው ጭነት የሚታሰርበት ገመድ። ዳኛው ደንበኛዬ ነበር፤ ኮቱን ገና አልጨረስኩለትም። ፊሽካው ተነፋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፣ ግን አላየሁትም። ትዝ የሚለኝ ጣሪያ የሌለው ሰማይና የዳኛው ድምፅ ነው። አንድ... አለ። ቆየት ብሎ ሁለት... አለ። ኮቱን አስቦ ይሁን አዝኖልኝ፣ እንደዚያ በዝግታ የቆጠረ ዳኛ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ለአስር ብቻ ሳይሆን ለመቶም አልነሳ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይረሳ ነበር። ሰው ስንት ጣጣ አለበት! የፎቶ ቤቱ ጋሽ ይርዳው ግን ገመዱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ይርዳው ዕድሜውን ሙሉ የመታወቂያ ፎቶና ሙሽራ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን አንዴ ቀጭ አደረገ። በሕይወቱ ካነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው ያ ሆነ።

ፎቶው እውነትም ግሩም ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ግድግዳዬ ላይ እለጥፈው ነበር። ተሸካሚው እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ቁምጣው ልክክ ብሏል፣ ስፌቱ አንድ ቦታ እንኳ አልተሳበም። እኔ ጆንያው ላይ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ፣ አንዱ እግሬ ገመዱ ላይ ቀርቷል፣ አፌ ተከፍቷል። ከእግሬ የወለቀው ሸራ ጫማ ግን ገና አየር ላይ ነው። ልብ አድርጉ፤ እኔ መሬት ደርሻለሁ፣ ጫማዬ አልደረሰም። ከጫማው ቀድሞ የወደቀ ቦክሰኛ ካለ አሳዩኝ።

ጋሽ ይርዳው አሳድጎ አጠበውና ለቀበሌው በስጦታ አበረከተ። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ፎቶውን ሲያይ ዓይኑ በራ አሉ። ቀይ ቀለም አመጣና ከቆመው በላይ «ሰፊው ሕዝብ» ብሎ ጻፈ። ከእኔ በታች «ኢምፔሪያሊዝም» ብሎ ጻፈ። ማን ማን እንደሆነ እንዳይምታታ ቀስት ጨመረበት። ከዚያ የት ቢሰቅለው ጥሩ ነው? የኅብረት ሱቁ ሰልፍ ፊት ለፊት። ስኳር የሚፈልግ ሰው ሁሉ ተራው እስኪደርስ እኔን ሲያይ ይውላል።

ስሜ በዚያው ቀረ። «ኢምፔሪያሊዝም፣ ሱሪዬ ደረሰ?» «ለነገ ይደርሳል።» «ኢምፔሪያሊዝም፣ ቁልፍ ትተክልልኛለህ?» እተክላለሁ። እሑድ ስብሰባ ላይ ደግሞ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ሲባል አዳራሹ በሙሉ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል። እኔስ ምን አደርጋለሁ? ዝም ብል የባሰ ነው። ግራ እጄን አንስቼ ራሴን አወግዛለሁ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ነበር የማወግዘው፤ እንዳይጠረጥሩኝ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። «ጓድ፣ ፎቶው ቢነሳልኝ» አልኩት። ለአብዮቱ ያደረግሁት አስተዋጽኦ ቀላል እንዳልሆነ አስረዳኝ። እኔ ካልወደቅሁ ሰፊው ሕዝብ በማን ላይ ይቆማል? ቅሬታዬን ግን አልናቀም። እስክሪብቶውን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበና፣ ከፈለግህ «ፊውዳሊዝም» ልናደርግህ እንችላለን አለኝ። በሰው በረንዳ ላይ ለምሰፋው ለእኔ! አመስግኜ ወጣሁ። በኢምፔሪያሊዝምነቴ ቀጠልኩ።

ይህን ሁሉ ስቄ በቻልኩት። ያልቻልኩት የዘይነብን ነገር ነው። እሷም ለስኳር ትሰለፋለች፤ አባቷም ይሰለፋሉ። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ስተው፣ አስቤ ስተው፣ አንዱ የአብዮት ጥበቃ ለዘይነብ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ጠመንጃ ያለው፣ ደረተ ሰፊ፣ ፎቶ ቢነሳ ቆሞ የሚነሳ ዓይነት ሰው። እኔ ደግሞ እንዴት እንደምነሳ ሰፈሩ አይቷል። ቀድሜ ካልላክሁ ዘይነብ ቀረችብኝ ማለት ነው። ብልክስ? ጋሽ ከድር ልጃቸውን ለኢምፔሪያሊዝም ይሰጣሉ?

በዚያው ሰሞን የዘይነብ ታላቅ እህት ራህማ ከባሏ ቤት ተመልሳ መጣች። ሱቁ ውስጥ ጥቅል ጨርቅ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ሻርፗን ወደ አንድ ዓይኗ ሳብ አድርጋ። ማንም ምን ሆነሽ አላላትም፤ ሁሉም ያውቃል። ባሏ በጉልበቱ የታወቀ ሰው ነበር። አንድ ቀን ለውሃ ወጥታ በእኔ አጠገብ ስታልፍ ቆመችና ግድግዳውን አየች። ዓይኑ አብጦ የተዘጋ የአንድ ቦክሰኛ ፎቶ ነበረኝ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር። ሻርፗን ይበልጥ ሳብ አድርጋ ገባች። ወዲያው ቀደድኩት። የቀሩትንም ሁሉ ላጥኳቸው። ካፈርኩባቸው ቀናት ሁሉ የዚያን ቀኑን ብቻ ሳቅ ሊያነሳልኝ አልቻለም። ቀና ስል ጋሽ ከድር በሩ ላይ ቆመዋል። አይተውኝ ወደ ውስጥ ተመለሱ።

በመጨረሻ ሼህ አሊን ለመንኳቸው። ከወሎ ከአባቴ ጋር የመጡ፣ እንደ አባቴ የማያቸው ሰው ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ሄዱ። እኔ አማኑኤል አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ስንጎራደድ ዋልኩ። እነሆ የሆነው፣ ሼህ አሊ እንደነገሩኝ።

ጋሽ ከድር በአክብሮት ተቀበሏቸው። ሼህ አሊ የመጡበትን ጉዳይ ካስረዱ በኋላ ልጁ ማን ነው ተባሉ። በረንዳዎ ላይ የሚሰፋው ነው አሉ። ጋሽ ከድር «ያ የፎቶው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ሼህ አሊ ጫማቸውን በዓይናቸው ፈልገው ነበር፤ ሊሄዱ።

«ስሙኝ» አሉ ጋሽ ከድር። «ትልቋን የሰጠሁት ለጉልበተኛ ነው። ጎበዝ ነው፣ ክንዱ ብረት ነው አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሰጠሁ። ክንዱን ልጄ ፊት ላይ አየሁት። ይሄ ልጅ ግን ማንንም መትቶ እንደማይጥል ፎቶ አለው። ሕዝብ አይቷል፣ ቀበሌ ጽፎበት ሰቅሎታል። ስኳር ልወስድ በተሰለፍኩ ቁጥር እሱን ሳይ ነው የምውለው። እንዲህ ያለ ዋስ ከየት አመጣለሁ? ወስዷታል በሉት።»

ሼህ አሊ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ሚስት በማግኘቴ ልዝለል? ወይስ ባገኘሁበት ምክንያት መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ? እስቲ በራሳችሁ አድርጉት። ሰው ለሃይማኖቱ፣ ለሙያው፣ ለዘሩ ተመስግኖ ሚስት ይሰጠዋል። እኔ ምንም ማድረግ ስለማልችል ተሰጠኝ። በኒካው ቀን መርካቶ በሙሉ «ኢምፔሪያሊዝም አገባ!» አለ። ጋሽ ይርዳው ሊያነሳን ሲመጣ «ቆመህ ይሁን እንዴ?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዓመታት አለፉና ደርግ ወደቀ። የቀበሌው በር ተከፍቶ ሰው ሲራወጥ ዘይነብም ወጣች። አንዱ ስኳር ይዞ ወጣ፣ ሌላው ወንበር። እሷ እኔን ይዛ ወጣች። በሻርፗ ሸፍና ያመጣችውን ስትገልጠው ያው ጆንያው ላይ ተዘርሬያለሁ። እናቃጥለው ብዬ ለመንኳት። መቀሴን አነሳችና ቀዩን ጽሑፍ ከላይም ከታችም ቆርጣ ጣለች፤ ፎቶውን ሳሎን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ይኸው ዛሬም እዚያው ነው። ልጆቻችን በሱ ሥር አደጉ። እንግዳ መጥቶ ቀና ባለ ቁጥር ፊቴ ይግላል፤ የሚጠይቀውን አውቀዋለሁና። «ይሄ የወደቀው ማን ነው?» ይላል።

«ባሌ ነው» ትላለች ዘይነብ ኮራ ብላ።

«የቆመውስ?»

«እንጃ፣ አንድ ሰውዬ ነው።»

እንግዳው እኔንና ፎቶውን እያፈራረቀ ሲያይ፣ እኔ እንዳፈርኩ ብድግ ብዬ ሻይ ላፈላ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ለመነሳት ጊዜ ይወስድብኛል፤ ጉልበቴ እንደዱሮው አይደለም። ደግነቱ እቤቴ የሚቆጥርብኝ ዳኛ የለም።