ባና የለበሰው ጎመን

ብርድ ሲነሳ ክረምት ትዝ የሚለው ሰው መንዝን አያውቅም። በክረምትስ ጉሙ ምድሩን ሸፍኖት ያድራል። እውነተኛው ብርድ የሚመጣው ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ ሰውን ስታታልል ውላ ስትገባ ነው። በማግሥቱ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ይነጋል፤ ባቄላውም የፈላ ውሃ እንደ ተደፋበት ጠቁሮ ይገኛል። እንግዲህ በዚህ አገር፣ በዚህ ወር፣ በጓሮዬ አበባ ጎመን አሳድጋለሁ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? የመንዟ ከተማ የዘመሮ ሰው ብዙ ብሏል። የሚስቱን ያህል የተናገረ ግን የለም።

ሰውየው ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። ዘመሮ በአስተማሪነት ስመደብ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ አንድ ፈረንጅ ቤት አትክልተኛ ሆነው ሠርተዋል። ሌላው ከከተማ ሲመለስ ጠመንጃ ወይም ልብስ ይዞ ይገባል፤ እሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ዘር ይዘው ገቡ። ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን፣ ነፋስ የማያገኛትን ደህና መሬት ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ተከሉባት። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ደግሞ ያችኑ መሬት ለነጭ ሽንኩርት ይፈልጓት ነበር። ሃያ ዓመት ተጨቃጨቁባት። ልጅ አልወለዱም፤ ጭቅጭቁ ግን አንድ ቀን አልጎደለባቸውም። ከዚያ ጓሮ የወጣች ቅጠል በእትዬ በላይነሽ አፍ ዞራ አታውቅም። ጋሽ ተሰማ የተረፋቸውን ለእኛ ለአስተማሪዎች ያድሉናል። እኛማ ምን ቸገረን፣ እንበላለን።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ መስከረም ላይ ችግኛቸውን አዛውረው ተከሉ። ጥቅምት ሲገባ ደረታቸውን ታመሙና ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ።

እትዬ በላይነሽ በቀብሩ ላይ እንባ አልወጣቸውም። ሰው ታዘበ። ሣልስቱ ባለፈ ማግሥት ዶማ ይዘው ወደ ጓሮ ሲሄዱ አየሁና በቃ፣ ሊነቅሉት ነው አልኩ። ተከትዬ ብሄድ ይኮተኩታሉ።

«አመዱን ሥሩ ላይ ነበር ወይስ ቅጠሉ ላይ የሚነሰንሰው?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ቅጠሉ ላይ። ለትሉ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

ሃያ ዓመት አንድ ግቢ ኖረው ይህን አላዩም ማለት ነው። አላይም ብለው።

ውርጩ ሲጀምር ማታ ማታ ጭድና ጆንያ ያለብሱታል። አበባው ጡጫ ሲያህል ጊዜ ግን ጆንያው አልበቃ አለ። እትዬ በላይነሽም የሟቹን ባና፣ ያንን ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ጥቁር ብርድ ልብስ፣ አውጥተው አለበሱት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያለብሳሉ፤ ረፋድ ላይ ያነሳሉ።

መዘዙ የመጣው በአርባው ዕለት ነው። እንደምታውቁት የሟች ልብስ ለንስሐ አባቱ ይሰጣል። እጀ ጠባቡም ኩታውም ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ኃይሌ ተሰጠ። ባናው የለም። የሟቹ ወንድም አቶ ዘውዴ የት እንዳለ ጠየቁ። እትዬ በላይነሽ በእጃቸው ወደ ጓሮ አመለከቱ።

አቶ ዘውዴ ሄደው አዩና ተመልሰው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። «ለነፍሱ የሚሆነውን ለጎመን አልብሳዋለች። ባሏን እንዲህ የናቀች ሴት በአባቶቻችን ግቢ ምን ታደርጋለች? ትውጣልን» አሉ።

ነገሩ የባና ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ልጅ የሌላት ሴት ናት፣ ግቢው ደግሞ የዘመድ ርስት ነው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

መምሬ ኃይሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና፣ «ዘውዴ፣ ባናው የማን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነዋ፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ተቀብያለሁ። የተቀበልኩትን ለማን እንደማውስ የማውቀው እኔ ነኝ። ብርዱ እስኪያልፍ ጎመኑ ይልበሰው።»

ያን ወር ግን ማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ መምሬ ኃይሌ በሳሳች ጋቢ ሲንቀጠቀጡ አይቷል።

ጥምቀት አለፈ፣ ውርጩም ረገበ። እትዬ በላይነሽ ትልቁን አበባ ቆርጠው እኔ እንደ ነገርኳቸው ቀቅለው በሽንኩርትና በቅቤ ሠሩት። ለምሳ መምሬ ኃይሌን፣ አቶ ዘውዴንና እኔን ጠሩን። አቶ ዘውዴ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። መጡ።

መጀመሪያ የቀመሱት እትዬ በላይነሽ ራሳቸው ናቸው። ደጋግመው አኘኩት።

«ምንም ምንም አይልም» አሉ። «ሃያ ዓመት የተጣላነው ለዚህ ነው?»

ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉና ሳይጎርሱት መልሰው አስቀመጡት።

«አንድ ቀን እስቲ ቅመሺው ቢለኝ ምን ነበረበት።»

«ብሎሽ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ መምሬ ኃይሌ፣ በቀስታ።

«ብሎኝ ነበር» አሉ። በቀብሩም በአርባውም እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ማንም አይዞሽ አላላቸውም፤ ነውር ሆኖ አይደለም፣ ማቋረጥ መስሎን ነው። አቶ ዘውዴ አንገታቸውን ደፍተው የቀረበላቸውን ጨረሱ። ከዚያ ወዲያ ስለ ግቢው ሲያነሱ የሰማ የለም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ልሄድ ተነሳሁ። እትዬ በላይነሽ እስከ መንገዱ ሸኙኝና፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ዘሩን በሰው ቶሎ ላክልኝ» አሉኝ። «የዚያን የማይጣፍጠውን።»