ለበግ ያዋልኩት ሲንቄ

ታሪክ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ እሳትም ጎርፍም አያስፈልግም። ዕቃ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ማየት የማይወድ አንድ ባል ይበቃል!

ያ ባል እኔ ነኝ። አትሳቁ!

ሲንቄን የማታውቅ አንባቢ ካለህ ጠጋ በል። ሲንቄ ቀጠን ያለች በትር ናት። እናት ልጇን ስትድር በእጇ ታስይዛታለች። ሚስቱን ያዋረደ፣ አራስ የመታ ወንድ ካለ አንዷ ትጮሃለች፤ የሰማች ሁሉ ድስቷን ከእሳት አውርዳ፣ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። በዳዩ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቆ፣ የሚታረድ አቅርቦ እስኪታረቅ ድረስ ቤቷ የምትመለስ የለችም። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” ብሎ የተረተው ሰውዬ በእኛ መንደር በጎጆ በኩል አላለፈም ማለት ነው። ቢያልፍ ኖሮ ሮጦ ነበር የሚያልፈው።

ታዲያ ይኼን ነገር ካየን ቆየን። በትሮቹ ከየአልጋው ጀርባ ቆመው አቧራ ጠጡ። ባለፈው ሰሞን ግን ሰናይት የምትባል መምህርት ከአምቦ በዚያ ወገብ በሚሰብር መንገድ መጣች። የገጠር ሴቶች ለመብታቸው እንዴት እንደታገሉ በካሜራ ቀርጻ ልታስቀምጥ ነው። ባለቤቴ ጫልቱ ደስታዋ ሌላ ነበር። “አባ ቶላ፣ ልጆቻችን ተረት ይመስላቸዋል፤ እኛ ስንሞት አብሮን ሊቀበር ነው” ስትል ነው የከረመችው። እውነቷን ነው። የሰፈሩ ኮረዶች የዚያን ዕለትም ግቢያችን መጥተው ከስልካቸው ቀና አላሉም።

ጫልቱና ጎረቤታችን ወይዘሮ በሻቱ፣ በእኛ አጠራር አደ በሻቱ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አደ በሻቱ ማለት... ስትናገር ውሻ ጅራቱን የሚሸጉጥላት ሴት ናት።

“አደ ጫልቱ፣ ሲንቄዎን ይዘው ቢናገሩልኝ” አለች መምህርቷ።

ጫልቱ ገባች። ቆየች። ባዶ እጇን ወጣች።

“አባ ቶላ፣ ሲንቄዬስ?”

በአገጬ ወደ ጓሮ አመለከትኳት። ሙክቴ እዚያ ታስሮ ሣሩን ይግጣል። የታሰረበት ችካል... እንግዲህ ገብቷችኋል።

ምን ላድርግ? የድሮው ችካል ተሰበረ፤ ዝናብ ነው፤ በጉ የጎረቤት ገብስ ላይ ዓይኑን ጥሏል። አልጋ ጀርባ ደግሞ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ምስጥ ያልነካው እንጨት ያለ ሥራ ቆሟል። እናንተ ብትሆኑስ?

“ጫፉን በመጥረቢያ አሹለኸዋል!” አለች ጫልቱ።

“ካልሾለ መሬት አይገባማ!”

“የእናቴን ሲንቄ!”

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። “ታዲያ እንጨት አይደል?” አልኩ።

አደ በሻቱ ከበርጩማዋ ተነሣች። ጩኸቷ ግንደበረት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከየቤቱ ሴት ፈሰሰ፤ ድንች ስትልጥ የነበረችው ቢላዋዋን ጥላ፣ ገብስ ስታሰጣ የነበረችው ለዶሮ ትታ! በትራቸውን ይዘው እየዘፈኑ ከመንደሩ ዳር ወዳለው ዝግባ ሥር ተመሙ። ኮረዶቹስ? ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ተከተሉ። መምህርቷ ካሜራዋን ደቅና የኋሊት ትሮጣለች። ጫልቱ ችካሏን ነቅላ ከነጭቃዋ ከፊት ናት። እኔና በጉ ተፋጥጠን ቀረን። እሱ እንኳ ተፈታ።

ሲመሽ ላሟን ልለባት ቀረብኩ። ላሟ የምታውቀው ጫልቱን ነው፤ ቅሉንም እኔንም በአንድ እርግጫ አነሣችን። ጭቃዬን ሳራግፍ ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ መጣ፤ የአደ በሻቱ ባል ነው።

“ደበላ፣” አለኝ በስሜ፣ “ሚስቴን መልስልኝ።”

“እኔ ወሰድኳት?”

“ልጆቹ ያለቅሳሉ። ድንች ልቀቅል ብዬ ድስቱን አሳረርኩት።”

“ውሃ ጨምረህ ነበር?”

“ውሃም ይጨመራል እንዴ?”

በማግስቱ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ፣ ያልታጠበ፣ የተራበ፣ ደጄ ላይ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ የይቅርታ መለመኛውን እርጥብ ሣር አስያዙኝ።

“እኔ ለእንጨት አላጎነብስም!” አልኩ።

“ለእንጨት አይደለም፣ ለራታችን አጎንብስ!” አለ ቶሎሳ፣ ከኋላ እየገፋኝ።

ዝግባው ሥር ደረስን። ጫልቱ ተነሣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

“ይቺን እናቴ ስታስይዘኝ፣ ‘ካለሽበት እኔ አለሁ’ ብላኛለች። ቶላን ወልጄ ስተኛ ራስጌዬ ነበረች። ሰው ሲበድለኝ ይዣት ስወጣ መንደሩ ሁሉ ይወጣልኛል። አንተ ይቺ በትር በግ ማቆም እንደምትችል አየህ፤ እኔን ስንት ዓመት እንዳቆመችኝ ግን አላየህም።”

  ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ አጎነበስኩ። የገፋኝም አልነበረም።

ሙክቴ ተፈረደበት፤ ታረደ። ኮረዶቹ “እኛስ ሲንቄ ከየት እናመጣለን?” እያሉ እናቶቻቸውን ሲጨቀጭቁ ሰማሁ። ጫልቱ ፊቷ ሲበራ አየሁና ይቅር እንዳለችኝ ተስፋ አደረግሁ።

መምህርቷ ግን ካሜራዋን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ፊቷ አመድ መሰለ።

“ምነው ልጄ?” አለች ጫልቱ።

“ድምፁ... ነፋስ ብቻ ነው የቀዳው። ዘፈኑም፣ የእርስዎም ንግግር፣ ምንም የለም።” እንባዋ መጣ። “እባካችሁ... ነገ እንደገና ብትወጡልኝስ?”

አደ በሻቱ ቆጣ አለች። “ሲንቄ ቲያትር አይደለም! ሳንበደል አንወጣም። የሚያጠፋ ወንድ ያስፈልጋል።”

 ከዚያ ሴቱም ወንዱም ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ጫልቱ የመምህርቷን ትከሻ መታ መታ አደረገች።

“አታስቢ፣ እዚሁ እደሪ። እስከ ጠዋት እሱ አንድ ጥፋት አያጣም።”