ጅምር የሚያድሉት ጋሼ

የካቲት አሥራ አንድ ቀን ነበር። የለም፣ አሥራ አንድ ባለቤቴ ሆስፒታል የገባችበት ቀን ነው፤ እንግዲህ አሥራ ሁለት ወይ አሥራ ሦስት መሆን አለበት። ባለቤቴን ብጠይቃት "ጥር ነው እንጂ! የካቲትን ደግሞ ከየት አመጣኸው?" ትለኛለች። ያን ቀን እሷ ራሷን ስታ ተኝታ ነበር፣ የነቃሁት እኔ ነበርኩ፤ ሆኖም ከኔ ይልቅ እሷን አምናለሁ። ፍርሃት የያዘው ሰው ቀን አይቆጥርም። እርግጠኛ የምሆንበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ፣ ያንኳኩትም ጋሽ ጅምሩ ነበሩ።

በዓለም ላይ ጋሽ ጅምሩ የሌሉበት ሕንፃ የለም። ሲገነባ ከአሸዋውና ከሲሚንቶው ጋር ተጭነው የሚመጡ ይመስለኛል። አንዳንድ ቦታ ሴት ናቸው፣ አንዳንድ ቦታ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ናቸው፣ ሠርግ ላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን አምጥተው አፍህ ሥር የሚደቅኑት ናቸው። እምነታቸው አንድ ነው፤ ሰው ሆኖ የተወለደ ሁሉ አንድ ነገር መፍጠር ይችላል። ማመናቸውስ ባልከፋ፤ ችግሩ ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ ማስረጃውም አንተ ነህ።

የኛዎቹ ሊቀ ጀማሪያን ጋሽ ጅምሩ ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ጅምሩ የተባሉት በሕይወታቸው አንድም ነገር ጨርሰው ስለማያውቁ ነው። ሥዕል ይጀምራሉ፣ ግጥም ይጀምራሉ፣ ዜማ ይጀምራሉ፣ ከዚያ አንዱን በር አንኳኩተው ያስረክባሉ። "እስከዚህ የኔ ነው" ይላሉ፤ "የቀረው ያንተ።" ሐቁን ለመናገር፣ የጀመሩትም ቢሆን የሚያስመካ አልነበረም። የሣሉት ፈረስ ጠረጴዛ ይመስላል፤ ዜማቸው በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ነው።

ሲያንኳኩ እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ መንግሥት ነበር። ያ ድምፅ ሲሰማ በየቤቱ ራዲዮ ይዘጋል፣ የልጅ አፍ ይታፈናል፣ የመጣ ሳል ይዋጣል። ግን ከማን ይሸሸጋል? ቆጣሪዎቹ ሁሉ የተደረደሩት ኮሪደሩ ላይ ነው። ጋሽ ጅምሩ በሩን ትተው ቆጣሪውን ያያሉ።

"እየዞረ ነው" ይላሉ፣ እንደ ሐኪም። "ባዶ ቤት እንዲህ አይዞርም። ክፈት፣ አንተ ልጅ።"

ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን እሳቸውን ፈርቶ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት እየነቀለ ስንት ሥጋ እንዳበላሸ እሱና ሚስቱ ያውቃሉ። አላመለጠም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዙት። ግድግዳው ላይ ክንፍ የሌላት ወፍ ሥለው፣ ቀለም የሚንጠባጠብ ብሩሽ ዘረጉለት።

"እኔን ነው?" አለ፣ ብሩሹን እንደ እባብ እየሸሸ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ሥጋ ቆራጭ ነኝ!"

"ይሁና! ዕድሜ ልክህን የዶሮ ክንፍ ስትቆርጥ ኖረህ የለ? ዛሬ አንዱን ብትቀጥል ምን ትሆናለህ?"

"የሰው መሳቂያ ነዋ!"

"ሰው የሚስቀው ደስ ሲለው ነው። ያዝ።"

የቀጠለው ክንፍ ተገንጥሎ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲያ ሥጋ ሻጩ ደረጃውን በወጣ ቁጥር ወፏ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል። ሰው ከመጣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር ይመስላል።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛም የደረሰባት ደርሶባታል። ዘበኛችን ጡረታ ሲወጣ ጋሽ ጅምሩ ሁለት መስመር ግጥም አዘጋጅተው ሦስተኛውን ለሷ ሰጧት። "በሩን ስትጠብቅልን ብርዱ እየጠበሰህ፣ ዛሬ ልትለየን ነው ካፖርትህን ለብሰህ" ይላል የሳቸው። ልጅቷ በስንብቱ ቀን ከሕዝቡ ፊት ቆማ የሷን አነበበች፤

"ከመቶ ዘጠና እጅ ልባችን ወዶሃል።"

ዘበኛው አንገቱን ሰበር አድርጎ አሰበና "አሥሩስ?" አለ።

"አሥሩማ" አለች፣ ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ "በር ላይ እንቅልፍ የወሰደህ ቀን ነው።"

ዘበኛው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆሞ ልቅሶው ብቻ ቀጠለ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብላ ስትሄድ አየናት።

ከሁሉም አብልጬ የምፈራቸው እኔ ነበርኩ። ሌላው "ሙያዬ አይደለም" ብሎ ማምለጫ አለው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሰዎች የፈጠሩትን ነው፤ ጸሐፊ ነኝ ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ፤ ከተናገርኩ ወዲህ ደግሞ አንድ ደህና ገጽ አልጻፍኩም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ እኔ ጫማ ጫማቸውን አያለሁ። አንድ ጊዜ ድፍረት አገኘሁና "ጋሼ፣ ፈጠራ እኮ ተሰጥዖ ነው፤ ለሁሉም አይታደልም" አልኳቸው፣ የመምህሮቼን ድምፅ ተውሼ።

"ላንተ ታድሏል?"

"እንግዲህ... ትንሽ።"

"ጎሽ። ታዲያ ምን ሠራህበት?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔም ማቀዝቀዣ መነቀል ጀመረ።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ባለቤቴ ሆድ ውስጥ አንድ የበቀለ ነገር ተገኝቶ ሐኪሙ "ምንነቱን ከፍተን ስናይ ነው የምናውቀው" አለን። የሆስፒታሉ ኮሪደር ጠባብ ነው፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ፣ እንደውላለን ተባልን። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና አማቴ ነን። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እኔና አማቴ የተነጋገርነው በባለቤቴ በኩል ነው። "እናትህ ያሳደጉህ በዝምታ ነው ወይ ትልሃለች" ትለኛለች፤ "እማዬ፣ ደክሞት ነው ብሏል" ትላታለች። አሁን አስተርጓሚያችን ተኝታለች፤ እኛ ስልኩን መሐላችን አስቀምጠን አፋችንን ይዘን ቀረን።

ስልኩ አልጮህ ሲል ሞቷል እንዴ ብዬ አነሣሁት።

"አስቀምጠው!" ጮኸች አማቴ። "አሁን ቢደውሉስ? ተይዟል ቢላቸውስ?"

አስቀመጥኩት። በደንብ አልተቀመጠም ይሆን ብዬ ነካሁት። እጄን መታችኝ። አፍታ ሳይቆይ ጮኸ። ሁለታችንም ዘለን ተነሣን፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ተጋጨ። የማላውቀው ሰው "ጋራዥ ነው?" አለኝ።

"ምን አሉ? ምን አሉህ?"

"ጋራዥ ነው ወይ ይላል፣ እማማ።"

"ውሸትህን ነው። ደብቀኸኝ ነው። ፊትህ አመድ መስሏል እኮ!"

"የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ በእናቴ!"

ቁጭ አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። እኔም መስኮቱን አያለሁ። ምንም ባላስብ እመርጥ ነበር፤ ግን ጭንቅላቴ ከኔ ተለይቶ ይሠራ ነበር። ሐኪሙ ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ ድምፁ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ ይሄን ወንበር ማን እንደሚያወጣው፣ የባለቤቴ ኮት ከተሰቀለበት እንዴት እንደሚወርድ። በሩ የተንኳኳው ይሄኔ ነው።

ጋሽ ጅምሩ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ሕንፃው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አልጠየቁም፤ "አይዞአችሁ"ም አላሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና ጀመሩ።

"አንዲት ሴት ነበረች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃት። ድልድይ የለም። ማዶ የቤቷ ጭስ ይታያል። ጠራች፣ የሰማት የለም። አንድ እግሯን ብትሰድ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ያዘው። ሁለተኛውን ብትሰድ ጉልበቷ ደረሰ።" አቆሙ። "እስከዚህ የኔ ነው።"

አማቴ መታገሥ አልቻለችም።

"ከዚያስ?"

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"እንዴት አላውቅም ይባላል! ሰው ውሃ ውስጥ አቁሞ ዝም ይባላል?"

"የቀረው የእናንተ ነው።"

"እርስዎ ሰውዬ ጤና የለዎትም! እኔ ተረት የት አውቃለሁ? እሱን ይጠይቁት፣ የተማረው እሱ ነው!"

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። ስለ ወንዝ ያነበብኩትን ሁሉ አሰብኩ፤ ያቺ ሴት በሁሉም ሰጠመች። አንዱ ባማረ ቋንቋ ያሰጥማታል፣ አንዱ በአጭር ዐረፍተ ነገር ያሰጥማታል፤ የሚያሻግራት ግን አጣሁ። የተማርኩት ሁሉ ፍርሃቴን ለማሳመር ካልሆነ ለሌላ የሚበጅ አልነበረም። አንዲት ቃል ባወጣ ውሃው ከጭንቅላቷ በላይ እንደሚሄድ ስላወቅኩ አፌን መልሼ ዘጋሁ።

"ተቆጣችው" አለች አማቴ ድንገት።

"ማንን?"

"ወንዙን ነዋ!" እኔን ስትቆጣ የምታወጣው ድምፅ ነው የወጣት። "'አንተ!' አለችው፤ 'ለመሆኑ ማነው ያሳደገህ? ሰው ቤቱ ሊገባ ሲል መንገድ ላይ ተጋድሞ መጠበቅ ማን አስተማረህ? እናቴ በር በሩን እያየች ነው! በል ሰብሰብ በል!' አለችው።"

ከፍርሃቴ መሐል የማላውቀው ሳቅ አመለጠኝ። "ሰብሰብ አለ?"

"ምን ሰብሰብ ይላል፣ ወንድ አይደል! አኮረፈ።"

ጋሽ ጅምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እኔ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ "አኮረፈና ጀርባውን ሰጣት" አልኩ።

"እሰይ!" አማቴ ከወንበሯ ተነሣች። "ጀርባውን ከሰጣትማ በጀርባው ላይ ትሻገራለቻ!"

"ጫማዋን አውልቃ።"

"አዎ፣ አውልቃ! የወንዝ ጀርባ ያዳልጣል። ቀስ በይ ልጄ... መሐል ደረሰች። ቁልቁል አላየችም። አትይ ብያታለሁ..."

ስልኩ ጮኸ።

እጄን ዘረጋሁ። አማቴ አንጓዬን ጨምቃ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ።

"ቆይ! ሳትሻገር እንዳታነሣው!"

"እማማ፣ ሆስፒታሉ ነው!"

"መሐል ናት አልኩህ! መሐል ላይ ናት!"

ስልኩ ይጮሃል። ይዘጉታል፣ አሁን ይዘጉታል እላለሁ፤ ግን አማቴ እንዳለችው አንዲት ሴት ወንዝ መሐል ነበረች፤ እኔም አይቻታለሁ፣ ላነሣ አልቻልኩም።

"ሦስት እርምጃ ቀራት... ተንገዳገደች... ኧረ በስመአብ! ሣሩን ያዘች። ያዘች! ጉልበቷን አወጣች፣ ወጣች፣ ወጣች! አንሣው!"

አነሣሁት። ሐኪሙ ነበር። ደህና ናት አለ። የበቀለው ነገር ወጥቷል፣ ክፉው ዓይነት አይደለም፣ ነቅታ ውሃ ጠይቃለች አለ። አማቴ ፊቴን አይታ ሳልነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ የቀሚሷን ጫፍ ጎርሳ አለቀሰች።

ዞር ስል ጋሽ ጅምሩ ባርኔጣቸውን እያዞሩ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ "ለካ በጀርባው በኩል ነበር" አሉ። ፊታቸው በእኛ ቤት የሆነውን የሰማ ሰው ፊት አይመስልም፤ ከሌላ ቦታ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ወሬ የደረሰው ሰው ይመስላል። አማቴ እጃቸውን ልትስም ስትነሣ በሩን ከፍተው ወጥተዋል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከኛ በፊት ሕንፃው ውስጥ የነበሩ ሰዎች ጋሽ ጅምሩ ሚስት ነበረቻቸው ይላሉ። አንድ ዝናባማ ቀን ከቤት ወጣች ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ባለቤቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔና አማቴ ያለ አስተርጓሚ መጨቃጨቅ ጀመርን፤ ባለቤቴም "ምን አደረጋችሁ?" እያለች ትገረማለች። እኔ ግን ጋሽ ጅምሩን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ያቺ ሴት ማን ናት? ሲጀምሩ መጨረሻ አጥተው ነው፣ ወይስ አንድ መጨረሻ ስላወቁ ነው ሌላ የሚፈልጉት? መልሱን ሳልሰማው እፈራው ነበር። በፊት በሬን ላለመክፈት እሸሻቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ ደረጃ ላይ ሆን ብዬ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሲመጡ ስለ አየሩ አወራለሁ። ነገ እጠይቃለሁ እላለሁ። እንዲህ እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያኔ ነው፤ የማይወዱትን ሰው ሐዘን ማን ይፈራል?

አንድ ጠዋት ከታች የጭነት መኪና ቆሞ አየሁ። አልጋቸው፣ ሁለት ወንበር፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የሥዕል ሰሌዳዎች ተጭነዋል። እህታቸው ብቻዎን አይኖሩም ብላ እሷ ዘንድ ልትወስዳቸው ነው አሉ። ሥጋ ሻጩ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጥቶ ገመድ ያጠብቃል። ደረጃውን በነጠላ ጫማ ወረድኩ። ጋሽ ጅምሩ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት..."

ሞተሩ ተነሣ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደኔ ጎንበስ አሉ። ቃሉን ፈለግሁ። "ያቺ ሴት..." ስል ሹፌሩ ማርሹን አስገባ፣ መኪናው ወደፊት ተንሸራተተ። ጋሽ ጅምሩ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ ያልሰሙትን ነገር ለመስማት እየሞከሩ፣ መታጠፊያው እስኪወስዳቸው ድረስ ወደኔ ያዩ ነበር።