የመስጊዱን መውጫ የዘጋው ፍሬኔ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ስሜ በማይክሮፎን ተጠራ። ያውም በተደጋጋሚ!

ለሽልማት እንዳይመስላችሁ።

ግን ደግሞ ትንሽ ለሽልማትም ነው። ታገሱኝ፣ እነግራችኋለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት፤ ቪዲዮው እንደሆነ በአካባቢያችን ካሉት ከተሞች ከቤድፎርድ እስከ ፍሪስኮ ደርሷል አሉ።

ለማታውቁኝ፣ ይመር እባላለሁ። ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መካኒክነት ማንም አላስተማረኝም። ቪዲዮ አይቼ፣ በእጄ ነካክቼ፣ የማልፈታው ነገር የለም። መልሶ መግጠሙም አያቅተኝም። ማለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ።

ሶ፣ ትሬለር አለኝ። በፒክአፕ የሚጎተት ቤት። አልጋው፣ ኩሽናው፣ ሻወሩ ሁሉ ውስጡ ነው። ትልቅ ነው! ባለቤቴ ዘይነባ «ዝሆኑ» ትለዋለች።

ዝሆኑ አንድ ክፉ አመል ነበረው። መሄድ ይወዳል፣ መቆም አይወድም።

ባለፈው ዓመት ከሐይቅ ዳር ሽርሽር ስንመለስ፣ ከሃይዌይ ወርደን ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ያዝኩ። እኔ ቆምኩ፣ ዝሆኑ ግን የመቆም ሐሳብ አልነበረውም። ከኋላ እየገፋ መብራቱን አሳለፈን። አላህ ጠብቆን መንገዱ ባዶ ነበር። ዘይነባ ቤት እስክንገባ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

ከዚያ ልጃችን ሐያት ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን! የምትኖረው ኮሎራዶ፣ ተራራ ላይ ባለች ከተማ ነው። እኔ በዝሆኑ አብረን እንሂድ አልኩ። ዘይነባ እኔ በአውሮፕላን፣ አንተ በፈለግከው አለች። አልፈርድባትም። ሁለታችንም ደሴ ነው ያደግነው። ፍሬን የበጠሰ መኪና ከከተማዋ አጠገብ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ምን እንደሚሆን በልጅነታችን አይተናል።

ተደራደርን። ፍሬኑን እቀይራለሁ። እሷ ካመነችበት አብረን እንሄዳለን። ካላመነችበት ዝሆኑ ይሸጣል። ሊገዛው ከፈለገ አንድ የፍሪስኮ ሰውዬ ጋር፣ ነገ ጠዋት መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጥረናል።

አንድ ነገር ጨመረችበት። «ፍሬኑ ይሠራል የሚለውን ካንተ አፍ አልሰማም። ስለ ራስህ ሥራ ክፉ ተናግረህ አታውቅም። ከሌላ ሰው አፍ ልስማ» አለችኝ።

እስቲ ይሄ ፍርድ ነው?

ወደ ሥራ ገባሁ። ዝሆኑን በክሪክ አነሳሁ። አሮጌውን የፍሬን ታምቡሮ ከነሸራው አውልቄ ጣልኩት። በአራቱም ጎማ አዲስ የዲስክ ፍሬን ገጠምኩ! ፒክአፑ ውስጥ ፔዳል ስረግጥ፣ ትሬለሩ ላይ የገጠምኩት ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፣ ዲስኮቹ ይነከሳሉ፣ አለቀ። ይሄን ሁሉ ያለ ረዳት!

ደግሞ ሥራዬ ማማር አለበት። ሽቦው ሁሉ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ጥግ ይዞ ታስሯል። ዝሆኑ ሥር ገብታችሁ ብትፈልጉ አንዲት የምትንዘላዘል ሽቦ አታገኙም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

እሑድ ዕለት ዝሆኑን አዲሰን ወደሚባለው ሰፈር ወስጄ፣ ከቢሮዎቹ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ሞከርኩት። ቀጥ! ደገምኩት። ቀጥ! ብቻዬን ጮኼ «አላሁ አክበር» አልኩ። ምን ያደርጋል፣ ምስክር የለኝም።

ምስክር ሆኖ የተመረጠው የዘይነባ ታናሽ ወንድም ሰይድ ነው። ሰይድ አሥራ ስምንት ጎማ ያለው የጭነት መኪና ይነዳል። በአንደበቱ ያከብረኛል፣ በሥራዬ ግን ይስቃል። ምስክርነቱን ስለምነው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሽ ይመር፣ አንቱ የሠሩት ነገር መቆሙንስ ይቆማል። የት እንደሚቆም ነው እንጂ የማይታወቀው።»

ዋጥ አደረግኳት።

ዛሬ ዝሆኑን ጎትቼ መስጊድ ሄድኩ። ግቢው ሰፊ ነው። ሰላት አልቆ ሰው ሲበተን ሰይድ አጠገቤ ተቀምጦ ሊያየው፣ ከዚያ ለእህቱ ሊነግራት ተስማማን። ሰው እስኪወጣ እንጠብቅ አለኝ ደጋግሞ።

እኔ ግን ምን አሰብኩ? ጀመዓው፣ የመስጊዱ ሰው በሙሉ፣ ቆሞ እያለ አንድ ምስክር ምን ይሠራልኛል!

አዎ፣ አውቃለሁ። አትቆጡኝ።

ሰው ገና ጫማውን ሲያጠልቅ ሞተሩን አስነሳሁ። ግቢውን ቀጥ ብዬ አቋርጬ ፍሬን ረገጥኩ። ዝሆኑ እንደ ሐውልት ቆመ! የሰይድ ኮፍያ ከራሱ ላይ ዘሎ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ። ኮፍያውን አንስቶ አራገፈው። ከዚያ ቀበቶውን ጠበቅ አደረገ።

እዚያ ላይ ማብቃት ነበረብኝ። አላበቃሁም። መውጫው ጋ ደርሼ፣ ሰው ሁሉ የዝሆኑን ሙሉ ቁመና እንዲያይ፣ ጥብቅ አድርጌ ጠመዘዝኩ።

ቀጭ።

ዝሆኑ ቆመ። እኔ ፍሬን አልነካሁም!

የት ቆመ? መውጫው ላይ። ግቢው ባለው ብቸኛ መውጫ ላይ። አግድም!

ጋዝ ሰጠሁ፣ የፒክአፑ ጎማ እዚያው ፈተለ። ወደ ኋላ አልኩ፣ እምቢ። ከኋላዬ መኪናው ተደርድሯል። የኤርፖርት ሺፍት ያለበት አለ፣ ዌርሃውስ የሚገባ አለ፣ ተሳፋሪ የሚጠብቀው አለ። ጥሩንባው ቀለጠ።

ማይክሮፎኑ ተከፈተ። ሸሁ ናቸው። መውጫው ላይ ትሬለር ፓርክ ያደረግክ ወንድም፣ ሰው ሥራ አለውና አንሳልን አሉ።

ፓርክ ያደረግክ! እኔ ፓርክ አድርጌ ነው?

ወጣቶቹ መጥተው ገፉ። ጎልማሶቹ ተጨመሩ። ቢስሚላህ ብለው በአንድ ድምፅ ገፉ። የአንዱ ጫማ አስፋልቱ ላይ ሶሉን ጥሎ ቀረ። ዝሆኑ ጣት ታህል አልተነቃነቀም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ላቤ እየተንጠባጠበ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ፣ በሆዴ ግን «አይ የእኔ ፍሬን!» አልኩ።

ማይክሮፎኑ ሁለተኛ ጊዜ ጠራ። አሁን በስሜ። የት እንደምገባ ጠፋኝ። በነጭ ጀለቢያዬ ዝሆኑ ሥር ገባሁ። ዲስኩን አየሁ፣ ደህና ነው። ፓምፑን አየሁ፣ ደህና ነው፣ እንዲያውም እየሠራ ነው! ጀለቢያዬ ብቻ ነጭ መሆኑ ቀረ።

ሦስተኛው ጥሪ እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ እያለሁ መጣ። ሸሁ ነገሩን ሰው አስረድቷቸዋል መሰለኝ።

«ወንድሞች፣ መግፋቱን ተዉት፣ ትጎዳላችሁ። የወንድም ይመር ፍሬን እንደሚይዝ ጀመዓው በሙሉ መስክሯል። አሁን የሚለቅበትን መላ የሚያውቅ ካለ ይርዳቸው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሸሁም ማይክሮፎኑን ሳያጠፉ ሳቁ። ድምፁ ደግሞ ዘይነባ ላለችበት ለሴቶቹም ክፍል ይሰማል።

ከሥሩ ወጥቼ ቁልፍ ላመጣ ወደ ፒክአፑ ስሄድ፣ አየኋት። አንዲት ፒን፣ ከፒክአፑ ጋር በታሰረች ሽቦ ጫፍ ተንጠልጥላለች።

ይቺ ሽቦ ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ትሬለሩ በመንገድ ላይ ከፒክአፑ ቢላቀቅ፣ ሽቦዋ ተወጥራ ፒኗን ከትሬለሩ ትነቅላለች፣ ያኔ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ነፍስ አድን ናት። ስትገዛ ረጅም ነበረች። እየተንዘላዘለች ዓይኔን ስለረበሸችኝ ለክቼ፣ ቆርጬ አሳመርኳት። ቀጥ ባለው መንገድና በሰፊ መታጠፊያ ደረሰች። እንደዚያ ጥብቅ ብሎ ሲጠመዘዝ አጠረች። ነቀለቻት!

ግራ ቀኝ አየሁ። በጀርባዬ ከልዬ ፒኗን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ዝሆኑ ተነፈሰ፣ ለቀቀ። ለሰዉ «ኤሌክትሮኒክ ነገር ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» አልኩ።

ሰይድ አጠገቤ ቆሟል ለካ።

«ጋሼ፣ ያቺን ሽቦ ማን ነው ያሳጠራት?»

«ረዝማ ታስጠላ ነበር።»

«አሁንስ አማረች?»

ዝሆኑን ከመውጫው አንስቼ ጥግ አስያዝኩት። ሰው በአጠገቤ እያለፈ በመስኮት አውራ ጣቱን ያሳየኛል። አንዱማ «ጋሽ ይመር፣ የእኔንም ይሥሩልኝ፣ መልቀቂያውን ግን አብረው ይስጡኝ» ብሎኝ ሄደ።

በመጨረሻ ዘይነባ መጣች። ጀለቢያዬን ከላይ እስከ ታች አየችው። ዝሆኑን አየችው። ከዚያ ወንድሟን ጠየቀችው። ሰይድ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ሳይቀልድ መለሰ።

«እህቴ፣ ቀድሞ በፔዳል ሲያቆሙት አይቻለሁ፣ ቀጥ ነው ያለው። ሰውም ገፍቶት አልሄደም። ያቺ ሽቦ ትርዘም እንጂ ሐረጎንም ይወርዳል።»

ዘይነባ የፒክአፑን በር ከፈተች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ከሌላ ሰው አፍ ልስማ አልኩህ እንጂ፣» አለች፣ «በማይክሮፎን አሰማኝ መች አልኩህ?»

ተሳፈረች! ወላሂ ተሳፈረች!

ቤት ሳልደርስ ለፍሪስኮው ሰውዬ ኮል አድርጌ፣ ይቅርታ፣ ዝሆኑ አይሸጥም፣ የልጅ ልጁን ሊያይ ኮሎራዶ ይሄዳል አልኩት። አዲሷን ሽቦ ገዝቻለሁ። ረጅም ናት፣ ትንዘላዘላለች፣ ታስጠላለች። አልነካትም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ለማሳመር ብሎ የቆረጠው ነገር በአደባባይ ገትሮ ያቆመው ሌላ ሰው አለ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ካለ ይምጣና እናውራ። መኪናውን ብቻ መውጫው ላይ እንዳያቆም።